ሚዛኑ ይመዝናል፣ ሰርቨሩ አይመዘግብም፦ አዳማ ላይ ለአንድ የጀርባ አገልግሎት ፖሊሲ የጻፍኩበት ጉዳይ

ስልኬ የጮኸው ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የሚዛን ሠራተኛዋ ናት። "ወንድሜ፣ ሌሊት መብራት ሄዶ መጣ። ሚዛኑ ይመዝናል፤ ኮምፒውተሩ ግን አይመዘግብም። ሰባት መኪና ቆሟል። ሾፌሮቹ ክላክስ እያስጮሁ ነው።"

ቦታው አዳማ ነው፤ በሞጆ መውጫ በኩል ያለ የእህል መጋዘን። ስሙ ይቅር። ከአርሲና ከባሌ ስንዴ ይገባል፣ ወደ ዱቄት ፋብሪካዎች ይወጣል። ወሩ ግንቦት ነበር፣ 2016 ዓ.ም.። የአዳማን ግንቦት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከረፋዱ ጀምሮ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር መቀመጥ ቅጣት ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። መኪናው ከነጭነቱ ሚዛን ላይ ይወጣል። አራግፎ ሲመለስ ባዶውን ይመዘናል። ብር የሚሆነው የሁለቱ ልዩነት ነው። ከሚዛኑ ማሳያ አንድ ገመድ ይወጣና በዩኤስቢ መቀየሪያ በኩል ሰርቨሩ ላይ ይሰካል። ሰርቨሩ ላይ ደግሞ አንድ ትንሽ የፓይተን ፕሮግራም ቀን ከሌት ከጀርባ ይሠራል። ቁጥሩን ያነባል፣ ይመዘግባል፣ ሽያጭ ክፍል ላለው ስክሪን ይልካል፣ ማታ ማታ ለባለቤቱ የቀኑን ድምር በቴሌግራም ያደርሳል። የጻፈው ከዚህ በፊት እዚያ ይሠራ የነበረ ልጅ ነው፤ አሁን ውጭ አገር ነው። በሊኑክስ ልማድ የጀርባ አገልግሎት ስም መጨረሻው ላይ "ዲ" ይጨመርበታል። እኔም "ሚዛንዲ" ልበለው። ትዕዛዞቹንም በአፋችን እንደምንጠራቸው ነው የምጽፋቸው፤ ባለሙያው አንብቦ ያውቃቸዋል።

ስደርስ መኪናው ዘጠኝ ሆኗል። ልጅቷ በካርቦን ደረሰኝ በእጇ እየጻፈች ነው። ዩፒኤሱ፣ መብራት ሲሄድ ሰርቨሩን የሚያቆየው ባትሪ፣ ለምን እንዳልያዘ ጠየቅኩ። ዘበኛው አባባ ሳቅ እያሉ ጥጉን አሳዩኝ። የለስላሳ ፍሪጁ ዩፒኤሱ ላይ ተሰክቷል። 4 ደቂቃም አልቆየም አሉኝ።

ሩት ምን ይከለከላል?

"ሲስተምሲቲኤል ስታተስ" ብዬ ስጠይቅ "203/ኤክሴክ" አለኝ። ሲስተምዲ፣ አገልግሎቶችን የሚያስነሳው የሊኑክስ ክፍል፣ ፋይሉን ሊያስነሳው ሞክሮ አልቻለም ማለት ነው። ምክንያቱም "ፈቃድ ተከልክሏል" ይላል። ፋይሉን አየሁት። የተቀመጠው ልጁ ራሱ ይጠቀምበት በነበረው የሆም ፎልደር ውስጥ ነው። ማንበብ፣ መጻፍ፣ ማስነሳት፣ ሁሉም ለሁሉም ክፍት ነው፤ 777። አገልግሎቱ የሚነሳው ደግሞ በሩት፣ ሁሉን በሚችለው የሰርቨሩ ዋና ተጠቃሚ፣ ነው። 777 የሆነ ፋይል ላይ ሩት ሲከለከል ካያችሁ፣ ከልካዩ የተለመደው የፋይል ፈቃድ አይደለም።

"ጌትኤንፎርስ" አልኩ። "ኤንፎርሲንግ" ብሎ መለሰ። የሰርቨሩ ጥበቃ፣ ኤስኢ-ሊኑክስ፣ በርቶ እየከለከለ ነው ማለት ነው። የድሮ ትዕዛዞችን ዝርዝር ወደ ኋላ ስገለብጥ ከ5 ወር በፊት የተጻፈች አንዲት መስመር አገኘሁ፦ "ሴትኤንፎርስ 0"። ነገሩ ወለል ብሎ ታየኝ። ልጁ ፕሮግራሙን ሲተክል ኤስኢ-ሊኑክስ አላንቀሳቅስ ብሎታል። ጥበቃው መዝግቦ ብቻ እንዲያልፍ፣ እንዳይከለክል የምታደርገውን ይቺን ትዕዛዝ ጻፈ፣ ሠራለት፣ ሄደ። ትዕዛዟ የምታገለግለው ግን ሰርቨሩ ጠፍቶ እስኪነሳ ብቻ ነው። አምስት ወር ሙሉ መብራት በሄደ ቁጥር ዩፒኤሱ ይዞት ኖሯል፤ ፍሪጁ እስኪመጣ።

ኤስኢ-ሊኑክስን ለማያውቅ ሰው በአጭሩ ልንገር። በተለመደው ሥርዓት የፋይሉ ባለቤት ለፈለገው ይፈቅዳል፣ ሩት ደግሞ ከሁሉም በላይ ነው። ግዴታዊ ቁጥጥር የሚባለው ከዚህ ይለያል። በትልልቅ መሥሪያ ቤቶች በር ላይ ያለውን ፍተሻ አስቡ። ሥራ አስኪያጁም ይፈተሻል። "እኔኮ ኃላፊው ነኝ" አይሠራም፤ ሕጉን የጻፈው እሱ አይደለምና። ኤስኢ-ሊኑክስ ውስጥ እያንዳንዱ ሂደትና እያንዳንዱ ፋይል ሌብል አለው። ፖሊሲው "ይህ ሌብል ያለው ሂደት ያንን ሌብል ያለው ፋይል ማንበብ ይችላል" እያለ ይዘረዝራል። ዝርዝሩ ውስጥ ያልተጻፈ ሁሉ ክልክል ነው። ሥራውን የጀመረው የአሜሪካ ብሔራዊ የደኅንነት ኤጀንሲ ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. ኮዱን ለሕዝብ ለቀቀው፣ በ2003 ደግሞ ከሊኑክስ ከርነል 2.6 ጋር ተቀላቀለ። ሩቅ ነገር ከመሰላችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ያለውን ስልክ ተመልከቱ። አንድሮይድ ከ5.0 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ በዚሁ ሥር ነው የሚሠራው።

የኛ ፋይል ሌብሉ "ዩዘር_ሆም_ቲ" ነበር፣ የአንድ ተጠቃሚ የግል ፋይል ማለት። ሲስተምዲ የሚሮጠው "ኢኒት_ቲ" በሚባል ሌብል ነው። ኢኒት_ቲ ከሰው ቤት ፋይል አውጥቶ እንዲያስነሳ አልተፈቀደለትም። ልክም ነው።

ውጭ ክላክሱ አላቆመም። ስለዚህ የችኮላ ሥራ ሠራሁ፤ በኋላ ዋጋ አስከፍሎኛል። ፋይሎቹን በ"ኤምቪ" የሰርቨሩ ፕሮግራሞች ወደሚቀመጡበት ወደ ዩዘር-ሎካል-ኤስቢን ፎልደር አዛወርኩና እንደገና አስነሳሁት። ያው 203። ኤምቪ ፋይሉን ከነሌብሉ ነው የሚያዛውረው። "ሲፒ" ብል ኖሮ አዲስ ፋይል ስለሚፈጠር የመድረሻውን ፎልደር ሌብል ይወስድ ነበር። ወይም "ሪስቶርኮን" ብል ሌብሉ በቦታው ልክ ይስተካከላል። ይህን አውቃለሁ፤ ለሰውም አስተምራለሁ። ግን ዘጠኝ መኪና ቆሞ ሰው የሚያውቀው ሁሉ ይጠፋበታል። ሰርቪሱ ፋይል ውስጥ ገባሁና ማስነሻ መስመሩን ቀየርኩት። ስክሪፕቱን በቀጥታ ከማስነሳት ይልቅ "ፓይተን3ን አስነሳ፣ ስክሪፕቱን አስነብበው" አልኩ። ሠራ። ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ የመጀመሪያው መኪና ተመዘገበ። መስመሯን ረሳኋት።

"አሁን ሠራ አይደል? ምን ቀረህ?"

ይህን ያሉኝ ባለቤቱ ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። ለገንዘብ ጠንቃቃ፣ ለጥያቄ ደግሞ ክፍት የሆኑ ሰው ናቸው።

ያስጨነቀኝን ነገር አስረዳኋቸው። ሚዛንዲ በሩት ይሮጣል። 9750 የሚባል ፖርት፣ የኔትወርክ በር፣ ከፍቶ ለመጣ ሁሉ ያዳምጣል። የተጻፈው በአንድ ሰው እጅ ነው፣ ማንም አልገመገመውም። እዚያው ሰርቨር ላይ ደግሞ የሒሳብ ክፍሉና የደመወዙ ፋይሎች በሳምባ፣ በፋይል ማጋሪያው፣ ተጋርተው ተቀምጠዋል። አሁን ተነስቶ የሚሠራውም "አንኮንፋይንድ_ሰርቪስ_ቲ" በሚባል ሌብል ነው። ስሙ እንደሚለው ያልታጠረ፤ የራሱ ፖሊሲ የሌለው አገልግሎት የሚጣልበት ሜዳ።

ጋሼ ትንሽ አሰቡና "ሌባው በሚዛን በር ገብቶ ካዝና ይደርሳል ነው የምትለኝ?" አሉ።

"አዎ፣ ጋሼ።"

"እንግዲያው ግድግዳ ሥራለት።"

ከዚህ የተሻለ የሥራ መግለጫ ተሰጥቶኝ አያውቅም።

አንዳንዶች "አፓርሞር አይቀልም?" ይሉ ይሆናል። አፓርሞር በሌብል ሳይሆን በፋይሉ አድራሻ ነው የሚሠራው፣ ኡቡንቱ ላይ አብሮ ይመጣል፣ ለመልመድም ይቀላል። ሰርቨሩ ግን ሮኪ ሊኑክስ 9 ነው፤ እዚያ ቤት ኤስኢ-ሊኑክስ ነው ባለቤቱ። ከባለቤቱ ጋር መሥራት ይሻላል።

ጸጥታው

መነሻ ፖሊሲ ከባዶ መጻፍ አያስፈልግም። "ሴፖሊሲ ጀነሬት" የሚባል መሣሪያ አለ። የፕሮግራሙን አድራሻ ስትሰጠው ዋናውን የሕግ ፋይል፣ የሌብሎች ዝርዝር የሚቀመጥበትን ፋይል፣ ሌሎች ፖሊሲዎች የሚጠሩትን መግቢያ ፋይልና የሚያጠናቅር ስክሪፕት ይሰጥሃል። "ሚዛንዲ_ቲ" የሚል አዲስ ክልል፣ ማለትም ለሂደቱ የራሱ ሌብል፣ ተፈጠረ። ስክሪፕቱ ደግሞ "ሚዛንዲ_ኤክሴክ_ቲ" የሚል ሌብል አገኘ። ሲስተምዲ ይህ ሌብል ያለውን ፋይል ሲያስነሳ የተነሳው ሂደት ወደ አዲሱ ክልል ይሻገራል ማለት ነው።

መሣሪያው የሚሰጠው ፋይል ውስጥ አንዲት የምወዳት መስመር አለች፦ "ፐርሚሲቭ ሚዛንዲ_ቲ"። ይቺ ክልል ብቻ ትመዝገብ፣ አትከልከል ማለቷ ነው። ሰርቨሩ በሙሉ ጥበቃው እንደበራ ይቀጥላል፤ የምትማረው አንድዋ ክልል ብቻ ትለቀቃለች። ያ ልጅ ይቺን ቢያውቅ ሴትኤንፎርስ 0 አይልም ነበር። ቀሪውም ቤት በር ተከፍቶ አይከርምም ነበር።

ጫንኩት፣ አገልግሎቱን አስነሳሁ፣ ሦስት ቀን ተውኩት። ተመልሼ "ኦሰርች" ብዬ የክልከላ መዝገቡን ስጠይቅ ምንም የለም። ባዶ።

ደስ አለኝ ብል ውሸት አይሆንም። ለአንድ ደቂቃ ያህል እኔ ጎበዝ የሆንኩ መሰለኝ። ከዚያ ግን ተጠራጠርኩ። ገና ምንም ያልተፈቀደለት ፕሮግራም ዩኤስቢ ያነባል፣ ፖርት ይከፍታል፣ ቴሌግራም ይልካል፣ ግን አንድም ነገር አልነካም? አይሆንም።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት የዝምታ ሕጎችን ነው። ፖሊሲው ውስጥ "ዶንትኦዲት" የሚባሉ ሕጎች አሉ። "ከልክል፣ ግን አትመዝግብ" ይላሉ፤ ሎጉ በከንቱ ጫጫታ እንዳይሞላ። "ሴሞጁል" ላይ ትልቅ ዲና ትልቅ ቢ ጨምሮ በመጥራት ለጊዜው ይነሳሉ። አነሳኋቸው። ሎጉ ጎርፍ ሆነ፣ ግን አንዱም የሚዛንዲ አይደለም። መልሼ አበራኋቸው።

ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ነው መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን ያደረግኩት። "ፒኤስ" ላይ ትልቅ ዜድ ጨምሬ ሂደቱን በሌብሉ አየሁት። አንኮንፋይንድ_ሰርቪስ_ቲ። ሚዛንዲ_ቲ የሚባል ሂደት በሰርቨሩ ላይ የለም።

ያቺ የችኮላ መስመር! ሲስተምዲ የሚያስነሳው ስክሪፕቱን ሳይሆን ፓይተን3ን ነው። የፓይተን3 ሌብል ደግሞ "ቢን_ቲ" ነው፣ እንደማንኛውም ተራ ፕሮግራም። መሻገሪያው የሚፈረደው በሚነሳው ፋይል ሌብል ነው። ስክሪፕቱ ለፓይተን የሚነበብ ጽሑፍ ብቻ ሆኗል፤ የሰጠሁትን ሌብል ማንም አላየውም። ሦስት ቀን ሙሉ ባዶ ቤት ስጠብቅ ነበር።

ማስነሻ መስመሩን ወደ ቀድሞው መለስኩት፣ በቀጥታ ስክሪፕቱን እንዲያስነሳ። ስክሪፕቱ የመጀመሪያ መስመሩ ላይ ፓይተንን ስለሚጠራ ራሱን ችሎ ይነሳል፤ ከርነሉም በስክሪፕቱ ሌብል ይፈርዳል። በ10 ደቂቃ ውስጥ ሎጉ ከ40 በላይ ክልከላ ጻፈ። ጫጫታ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሁሉንም አትፍቀድ

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ደረስን። "ኦዲት2አላው" የሚባል መሣሪያ አለ። ክልከላዎቹን ስትሰጠው ፈቃድ አድርጎ ይጽፍልሃል። ኢንተርኔት ላይ ያለው ምክር ሁሉ "ይህን አስሩጥ፣ ጫን፣ ጨረስክ" ነው። ችግሩ መሣሪያው ዳኛ አይደለም፣ ጸሐፊ ነው። ፕሮግራሙ የጠየቀውን ሁሉ ይጽፋል። ፕሮግራሙ የማይገባውን ከጠየቀም ይጽፋል።

ስለዚህ አንድ በአንድ ተቀመጥኩባቸው። ዩኤስቢ መቀየሪያውን ማንበብና መጻፍ፦ ሥራው ነው፣ ይፈቀድ። ፖርት 9750፦ ለማንም ያልተመደበ ፖርት ስለሆነ መሣሪያው "ያልተመደቡትን ፖርቶች ሁሉ ይክፈት" አለኝ። አልስማማም። "ሚዛንዲ_ፖርት_ቲ" የሚል የራሱ ዓይነት ፈጠርኩና በ"ሴማኔጅ ፖርት" 9750ን ብቻ ለሱ ሰጠሁ። ቴሌግራም፦ ወደ 443 መውጣት ይፈልጋል፣ የፖርቱ ሌብል "ኤችቲቲፒ_ፖርት_ቲ" ነው። ፈቀድኩ። ግን ልብ በሉ፣ እንዲህ ስትፈቅዱ ወደ የትኛው አድራሻ እንደሚወጣ እየገደባችሁ አይደለም። ያ የፋየርዎል ሥራ ነው። እዚያም ገደብኩት።

ከዚያ ግራ የገባኝ መጣ። ሚዛንዲ የተጠቃሚዎችን ዝርዝር ፋይል፣ ፓስወርድ-ፋይል የሚባለውን፣ ማንበብ ፈለገ። የሚዛን አንባቢ ከስም ዝርዝር ምን አለው? ኮዱን ስከፍት ነው የገባኝ። ልጁ የሆም ፎልደሩን አድራሻ በምልክት ጽፎታል፣ "ቤቴ" እንደማለት። ፓይተን "የማን ቤት?" ብሎ ለማወቅ ዝርዝሩን ይከፍታል። ድሮ ፋይሉ ሆም ውስጥ ሳለ የተጻፈ ነው። መስመሩን በሙሉ አድራሻ ተካሁት፣ ጥያቄውም ጠፋ። ፈቃድ አላስፈለገም።

ቀጣዩ ከባዱ ነበር፦ ሼል፣ የሰጡትን ትዕዛዝ ሁሉ የሚፈጽመውን ፕሮግራም፣ ማስነሳት። ኦዲት2አላው ሳያቅማማ "ሼል_ኤክሴክ_ቲን ያስነሳ" ብሎ ጻፈ። ይህን ፈቅደህ ሌላውን ሁሉ ብትከለክል ግማሹን ግድግዳ አፍርሰሃል። በፖርት በኩል የሚገባ አጥቂ መጀመሪያ የሚመኘው ሼል ነው። ኮዱ ውስጥ ምን እንደሆነ ፈለግኩ። ልጁ የቀኑን ፋይል ወደ ሽያጭ ክፍል ፎልደር ለመገልበጥ "ኦኤስ ዶት ሲስተም" ተጠቅሞ የሼል ትዕዛዝ ይጠራል። ፋይል ለመገልበጥ! ፓይተን የራሱ መገልበጫ አለው። አንድ መስመር ቀየርኩ፣ ሼሉ ቀረ።

"ዳክ_ኦቨርራይድ" ደግሞ ብዙ ሰው ዝም ብሎ የሚፈቅደው ነው። ትርጉሙ "የተለመደውን የፋይል ፈቃድ ልርገጠው" ነው። ሩት ሁልጊዜ ያደርገዋል፣ አናስተውለውም። ኤስኢ-ሊኑክስ ግን ለሩትም ቢሆን ይህን ኃይል ለየብቻ ነው የሚሰጠው። ሚዛንዲ የጠየቀው የሽያጭ ክፍሉ ፎልደር የሌላ ተጠቃሚ ስለሆነና ለሌላው ሰው ዝግ ስለሆነ ነው። ሩት በጉልበቱ ይገባ ነበር። መፍትሔው ጉልበት መስጠት አይደለም። አገልግሎቱን ከሩት አወረድኩትና "ሚዛን" የሚል ተጠቃሚ ፈጠርኩለት። ዩኤስቢውን እንዲያነብ "ዳያልአውት" የሚባለው ቡድን ውስጥ አስገባሁት፣ በፎልደሩም ላይ የቡድን ፈቃድ ሰጠሁ። ጥያቄው ተነነ። ልምዴ ይህ ነው፦ ዳክ_ኦቨርራይድ ሎግ ላይ ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸው ፖሊሲው ሳይሆን የፋይል ባለቤትነቱ ነው።

የሽያጭ ፎልደሩ ራሱ "ሳምባ_ሼር_ቲ" የሚል ሌብል አለው። ሚዛንዲ እዚያ ይጻፍ ብል ደመወዙም ያው ሌብል ነውና ደመወዙ ላይም ይጽፋል። ለዚያ አንድ ፎልደር የራሱን ሌብል ሰጠሁት። ሚዛንዲ ይጽፍበታል፣ ሳምባ ያነበዋል ብቻ። ሌብሉን ያስቀመጥኩት በ"ሴማኔጅ ኤፍኮንቴክስት" ነው፣ ከዚያ ሪስቶርኮን። "ቻኮን"ም ይቀይራል፤ ግን አንድ ቀን አንድ ሰው ሪስቶርኮን ያለ ጊዜ የቻኮን ሥራ ይጠፋል። እኔ ቻኮንን ለሙከራ እንጂ ለሥራ አልጠቀምበትም።

መጨረሻ ላይ የሕግ ፋይሉ 60 መስመር አልሞላም። ከጠየቀው ሲሶውን ያህል ነው የፈቀድኩለት፤ ሌላው በኮድና በፋይል ባለቤትነት ተፈታ።

ሰኔ 30

ክልሉን ለስንት ጊዜ በፐርሚሲቭ ላቆያት? ልማዴ ሁለት ሳምንት ነበር። እዚህ ግን የወር መጨረሻ ሪፖርት ስላለ ግንቦት 30ን አሳለፍኩ። ሪፖርቱ ሁለት አዲስ ክልከላ አመጣ፤ አስተካከልኩ። ሰኔ 15 ላይ የፐርሚሲቭ መስመሯን ሰረዝኩ፣ እንደገና አጠናቀርኩ፣ ጫንኩ። ሰርቨሩንም ሆን ብዬ አጥፍቼ አስነሳሁት። ተነሳ። ለጋሼም "ጨርሻለሁ" አልኳቸው።

ሐምሌ 1 ጠዋት ሒሳብ ሹሟ ደወሉ። የዓመት መዝጊያው ፋይል ፍላሹ ላይ የለም።

ምን ዓይነት የዓመት መዝጊያ? ለካስ ሚዛንዲ የበጀት ዓመቱ ሲያልቅ፣ ሰኔ 30 ሌሊት፣ የዓመቱን ምዝገባ በሙሉ ጠቅልሎ ሰርቨሩ ላይ ሁልጊዜ የተሰካ ፍላሽ ላይ ይጽፋል። ኮዱ ያለው ሁለተኛ ፋይል ውስጥ ነው። ፋይሉ "ልዩልዩ" ይባላል። አብሬ ያዛወርኩት እኔ ነኝ፤ ግን አንድም ቀን ከፍቼ አላየሁትም። ዋናው ፕሮግራም የሚጠራው በዓመት አንድ ሌሊት ብቻ ነው። ስለዚህ ያቺ ሌሊት እስክትመጣ ድረስ በፐርሚሲቭ ስንት ቀን ብጠብቅም ሎጉ አይነግረኝም ነበር። ሒሳብ ሹሟን ብጠይቃቸው ግን በአንድ ደቂቃ ይነግሩኝ ነበር። የፕሮግራሙን ጠባይ ከሎግ ስለቅም የመሥሪያ ቤቱን ካላንደር ማንንም አልጠየቅኩም።

እንግዲህ ሎጉን አየሁ። እንደገና ባዶ። አሁን ግን ሌላ ምክንያት አለው፣ እሱም ደስ የሚል ነው። ሊኑክስ ሁለቱን ቁጥጥሮች የሚጠይቀው በተራ ነው። መጀመሪያ የተለመደው የፋይል ፈቃድ፣ ከዚያ ኤስኢ-ሊኑክስ። የመጀመሪያው ከከለከለ ሁለተኛው ጋ አይደርስም፣ ሎጉም ምንም አይጽፍም። ፍላሹ በፋት፣ በቆየው የዲስክ አቀራረጽ፣ የተቀረጸ ነው። ፋት የፋይል ባለቤት የሚባል ነገር አያውቅም፣ ሲሰካ ሁሉም የሩት ሆኖ ይሰካል። አገልግሎቱን ከሩት ያወረድኩት ደግሞ እኔው ነኝ። ፍላሹ ሲሰካ ባለቤቱ "ሚዛን" የሚባለው ተጠቃሚ እንዲሆን በማውንት አማራጭ አደረግኩና የመዝጊያውን ሥራ በእጄ ጠራሁት። አሁን ክልከላው በሎግ ወጣ፦ "ዶስኤፍኤስ_ቲ" ላይ መጻፍ።

ፋት ሌብልም አይይዝም። የሚሰካ የፋት ዲስክ ሁሉ አንድ ሌብል ነው የሚያገኘው። ያንን ብፈቅድ ሚዛንዲ ማንም የሰካው ፍላሽ ላይ መጻፍ ይችላል፤ እዚያ ቢሮ ደግሞ ሰው ሁሉ ፍላሽ ይሰካል። ማውንት ላይ "ኮንቴክስት" የሚባል አማራጭ አለ፤ ለዚያ ለአንዱ ፍላሽ የራሱን ሌብል እንዲሰጥ። በመለያ ቁጥሩ ለይቼ "ሚዛንዲ_ባካፕ_ቲ" አልኩት። ሁለት መስመር ሕግ ጨመርኩ። ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ፋይሉ ፍላሹ ላይ ተቀመጠ። ምዝገባው በዚያ ሁሉ መሀል አልቆመም፤ ጠዋት የገቡት መኪኖች ሁሉ ተመዝግበዋል። ሒሳብ ሹሟ ግን ይህ አላጽናናቸውም። እውነታቸውን ነው።

በዚያው ሳምንት "ልዩልዩ"ን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ሌላ ቀጠሮ አልነበረውም።

ከመሄዴ በፊት አንድ ወረቀት አትሜ የሰርቨሩ ካቢኔት ላይ ለጠፍኩ። የሕግ ፋይሉ የት እንዳለ፣ ክልከላ እንዴት እንደሚታይ፣ የጨነቀው ሰው ሴትኤንፎርስ 0 ከማለት ይልቅ ሚዛንዲ_ቲን ብቻ በ"ሴማኔጅ ፐርሚሲቭ" እንዴት እንደሚለቃት። ሦስት መስመር ነው። ነሐሴ ላይ ሄጄ ሳየው የሚዛን ሠራተኛዋ ከላይ በቀይ እስክሪብቶ አራተኛ ጨምራበታለች፦

"ከሁሉ በፊት ፍሪጁን ንቀሉ።"